በኦፔራ ቤት ውስጥ መብራቱን ማን አጠፋው?

ዘመኑ የጥንት፣ ወንጀሉ በኦፔራ ቤት የተፈጸመ፣ አተራረኩ ደግሞ ፈገግ የሚያሰኝ ልብ ወለድ እወዳለሁ። ሥራዬ የጀማሪ ጸሐፊዎችን ረቂቅ ማረም ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ታሪክ የሚሞክሩም ብዙ ይመጡብኛል። ተሸክመው የሚመጡት ስህተት ግን ሁሌ ያው ነው፤ እኔም ያንኑ መልስ መደጋገም ሰልችቶኛል። እዚህ ልጻፈውና ልገላገል። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

«ቀልድ ያለበት ታሪክ ጥናት አያስፈልገውም።» ተቃራኒው ነው። አሳዛኝ ታሪክ ስህተቱን በእንባ ይሸፍናል፤ ቀልድ ግን ዝርዝሩ ከተሳሳተ አያስቅም።

«ኦፔራ የመኳንንት ብቻ ነበር።» የቬኒሱ ሳን ካሲያኖ ቲያትር ከ1637 ጀምሮ ቲኬት ለገዛ ሁሉ ክፍት ነበር።

«ዘፋኟ ባለ ቀንድ የብረት ቆብ ትደፋለች።» ያ ቆብ በኦፔራ መድረክ ላይ የታወቀው በ1876 ለጀርመናዊው የኦፔራ ደራሲ ለዋግነር ሥራ ከተሰፉት አልባሳት ወዲህ ነው። ታሪካችሁ በ1750 ከሆነ አውልቁት።

«ስልብ ዘፋኞች ከሲታና ደካማ ነበሩ።» ቀጭን ድምፃቸው እንዳይጎረንን በልጅነታቸው የተሰለቡ ወንዶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ረጃጅምና ደረተ ሰፊ ነበሩ። ሮም ሴቶችን ከመድረክ ስለከለከለች የንግሥቲቱንም ሚና የሚጫወቱት እነርሱ ነበሩ። ለመርማሪ ገጸ ባሕርይ ከዚህ የተሻለ ሰው አይገኝም፤ በየሳሎኑ ይጋበዛል፣ በየትኛውም ቤት ግን ባለቤት አይሆንም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፤ «መብራቱ ጠፋ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በጨለማው ውስጥ ቢላዋ ተመዘዘ።» በቅርቡ ጥሩ ብዕር ያለው አንድ ወጣት ታሪኩን በ1780 በሚላን፣ በላ ስካላ ኦፔራ ቤት አድርጎ አመጣልኝ። ቤቱ የተከፈተው በ1778 ስለሆነ ዓመቱ ልክ ነው፤ ደስ አለኝ። ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ሳያልቅ መብራቱ ድርግም አለ።

«ማን አጠፋው?» አልኩት።

«አሽከሮቹ።»

«ያን ሁሉ ሻማ? አንድ በአንድ እየዞሩ? ለዕረፍቱስ እንደገና ሊለኩሱት ነው?»

ትንሽ ዝም ብሎ «ሲኒማ ቤትም እኮ መብራት ይጠፋል» ሲል ተከራከረኝ። በሽታው ይኸው ነው። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ሰው ወስደን ሲኒማ ቤት እናስቀምጠዋለን።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጣሊያን ኦፔራ ቤት አዳራሹ ትርኢቱ እየተካሄደም ብርሃን ነበረው። ሰዉ የታተመውን የግጥም መጽሐፍ ይዞ ይከታተላል፤ ከዚያ ይልቅ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደመጣ ይቃኛል። በአዳራሹ ዙሪያ ፎቅ በፎቅ ተደራርበው የሚታዩት ትንንሽ ክፍሎች የባለጸጋ ቤተሰቦች ነበሩ፤ እንደ ሳሎን እንግዳ ይቀበሉባቸዋል፣ እራት ይበሉባቸዋል፣ ካርታ ይጫወቱባቸዋል። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ በርኒ በ1770 ሚላን ሄዶ፣ ከላ ስካላ በፊት በነበረው ቲያትር ያየውን ጽፎልናል። ከእያንዳንዱ ክፍል ጀርባ ከመተላለፊያው ማዶ ምድጃ ያለው ሌላ ክፍል ነበር። በአራተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ዘፈኑ እየተዘፈነ ቁማር ይቆመርባቸው የነበሩ ጠረጴዛዎች ነበሩ። ጫጫታውም አስመርሮታል።

ለምን አያዳምጡም? ያው ኦፔራ ለብዙ ምሽቶች ስለሚደጋገም ነዋ! የሚወዱት ዘፋኝ የሚወዱትን አሪያ (ብቻውን የሚዘፍነውን ዜማ) ሊጀምር ሲል ፊታቸውን ወደ መድረኩ ያዞራሉ፤ ሲያበቃ ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። ለአነስተኛ ዘፋኞች የሚሰጥ «የሶርቤቶ አሪያ» የሚባልም ነበር፤ እርሱ ሲዘፈን ሕዝቡ ተነሥቶ የቀዘቀዘ ጣፋጭ ሊገዛ ይወጣል።

ይህን ስነግራቸው ጀማሪዎቹ ለምን ፊታቸው እንደሚጠቁር አይገባኝም። ሀብት እኮ ነው የሰጠኋቸው! በጨለማ የተፈጸመ ግድያ ላይ መርማሪው ምን ይሠራል? ማንም ምንም አላየም፤ አለቀ። በበራ አዳራሽ ግን ብዙ መቶ ምስክር አለ፤ ሁሉም አንድ ነገር አይቷል፤ ሁሉም ይዋሻል። የት እንደተመለከተ ከተናገረ የማንን ሚስት ሲመለከት እንዳመሸ ይታወቅበታላ! ገዳዩስ መቼ ይንቀሳቀስ? በሶርቤቶው አሪያ ጊዜ፤ መተላለፊያው በሰው ሲጨናነቅ። ያን አሪያ የዘፈነችው ምስኪን ደግሞ መድረክ ላይ እንደነበረች የሚመሰክርላት ሰው ታጣለች፤ ማንም አላያትምና። ቀልዱም ምርመራውም ከዚህ ይወጣል። ያ ወጣት ምዕራፉን በዚህ መንገድ መልሶ ጽፎት አሁን የሚነበብ ሆኗል።

የግድ ጨለማ ይሁንልን የምትሉ ዘመኑን ወደፊት ግፉ። ዋግነር በጀርመኗ ከተማ በባይሮይት የራሱን ቲያትር ከፍቶ አዳራሹን ያጨለመው በ1876 ነው። የሙዚቃ መሪው ማህለር በ1897 የቪየናን ኦፔራ መምራት ከጀመረ በኋላ ዘግይቶ የመጣ ሰው በሙዚቃው መሐል እንዳይገባ ከለከለ። እዚያ ግደሉ፤ አልቃወምም።

«ጭብጨባው ከልብ ነበር።» በ1830ዎቹ የፓሪስ ኦፔራ የተከፋይ አጨብጫቢዎች ቡድን ነበረው፤ አለቃቸው ኦጉስት ለቫሰር በሙያው ስም ያተረፈ ሰው ነው። እርሱን ሳይጠይቅ ምርመራውን የሚዘጋ መርማሪ ደመወዙን ይመልስ።

«የሙዚቃ ደራሲው ሳሊየሪ ባልደረባውን ሞዛርትን መርዞ ገደለው።» እባካችሁ። ሞዛርት የሞተው ታኅሣሥ 5 ቀን 1791 ነው። በጥቅምት ወር ራሱ ሳሊየሪን ወደ አዲሱ ኦፔራው ወስዶት፣ ሰውዬው እያንዳንዱን ዜማ ሲያደንቅ እንዳመሸ በደስታ ለሚስቱ ጽፎላታል። ከዓመታት በኋላ የሞዛርትን ልጅ ሙዚቃ ካስተማሩት አንዱም ሳሊየሪ ነው። ወሬውን ያጸናው ፑሽኪን በ1830 የጻፈው አጭር ተውኔት ነው።

«የፓሪሱ ኦፔራ ቤት ሻንደሊየር፣ ያ ግዙፍ የጣሪያ መብራት፣ በሕዝብ ላይ ወደቀ።» በግንቦት 1896 በዚያው ኦፔራ ቤት፣ በፓሌ ጋርኒዬ፣ የወደቀው ሻንደሊየሩ ሳይሆን ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ነው፤ አንዲት ሴት ሞታለች። ከሕንፃው በታች አለ የሚባለው «ሐይቅ»ም የውኃ ማጠራቀሚያ ነው።

«ሁለቱ ዘፋኞች መድረክ ላይ ጸጉር ለጸጉር ተያያዙ።» በ1727 ለንደን ውስጥ ኩትሶኒና ቦርዶኒ አብረው ሲዘፍኑ የተረበሸው ደጋፊው ነው፤ ያፏጨውም የጮኸውም እርሱ። የጸጉር መጓተቱን ያደመቁት የጊዜው የፌዝ ጽሑፎች ናቸው።

«ንጉሥ በኦፔራ ቤት ውስጥ መግደል የተጋነነ ነው» ያለኝም አለ። የስዊድኑ ጉስታቭ ሦስተኛ መጋቢት 16 ቀን 1792 በስቶክሆልም ኦፔራ ቤት፣ ፊት በሚሸፈንበት ጭፈራ ላይ በጥይት ተመትቶ በዚያው ወር በ29 አረፈ። ጣሊያናዊው የኦፔራ ደራሲ ቨርዲ ታሪኩን ኦፔራ ሲያደርገው ሳንሱር አላስቀምጥ አለው፤ በመጨረሻ ድርጊቱ ወደ ቦስተን ተዛወረ።

ቨርዲ ከተነሣ የእኛኑ ነገር፣ አይዳ የተባለውን ኦፔራውን፣ ልጨምር። «አይዳ የተደረሰው ለስዊዝ ቦይ ምረቃ ነው፤ ታሪኩም የኢትዮጵያ ታሪክ ነው» ይባላል። ሁለቱም ስህተት ነው። ቦዩም የካይሮ ኦፔራ ቤትም የተከፈቱት በ1869 ሲሆን ቤቱ የተመረቀው በሌላው የቨርዲ ኦፔራ በሪጎሌቶ ነው። አይዳ የታየው ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ነው። የኢትዮጵያ ንጉሥ የተባለው አሞናስሮም በታሪክ የለም፤ መነሻ ታሪኩን የጻፈው ፈረንሳዊው የግብፅ ጥናት ሊቅ ማሪዬት ነው።

ቀለል ያለ የወንጀል ታሪክ ለመጻፍ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? ትርኢቱ የዘገየው አልባሳቱና የመድረኩ ዕቃ ከማሪዬት ጋር በፕሩሲያ ጦር በተከበበችው ፓሪስ ስለታገቱ ነው፤ ስንት ነገር በሳጥን ተሸሽጎ ሊገባ ይችላል! ኢትዮጵያውያንን በመድረክ ላይ ተሸንፈው ያየው የግብፅ ገዥ ከዲቭ እስማኤል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጦሩን ልኮ በጉንደትና በጉራ በአጼ ዮሐንስ ድል ተመታ። ካይሮ በዚያ ሰሞን ሰላይም፣ ባንክ ያበደረም፣ የተበደረም፣ ጣሊያናዊ ዘፋኝም ነበረባት። ጻፉት፤ እኔ አርመዋለሁ። ቨርዲን ግን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ሰርዙት፤ ካይሮ አልሄደም።