ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለው የሐበሻ ቤት

በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት አጥር ሥር ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ከውስጥ ደግሞ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይሉታል። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ ልማድ ያደጉ መነኮሳት ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ባሕር ተሻግረው ሮም ሲገቡ የሚያድሩበት ቤት ነበራቸው። ቤቱ ዛሬም አለ። ጣሊያኖች ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ ይሉታል፣ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው። የሚገኘው ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ከታላቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቤተ ክርስቲያኑ ከባሲሊካው ይበልጣል፤ በመጠን ሳይሆን በዕድሜ። በትውፊት መሠረቱ የሚነገረው በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በጳጳሱ ቀዳማዊ ልዮን ዘመን ነው። አሁን የምናየውን ባሲሊካ ለመሥራት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሮጌው ሲፈርስ ይቺ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ተረፈች። ለኢትዮጵያውያን ማረፊያ እንድትሆን የሰጧት ጳጳሱ ሲክስቶስ 4ኛ ናቸው፤ ዘመኑ ወደ 1480 ገደማ ነው።

ለምን ሰጧት? አንደኛው ምክንያት ሃይማኖታዊ ነው። ክርስትና እንግዳ መቀበልን ከምግባር በላይ አድርጎ ያየዋል። በማቴዎስ 25 ጌታ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» ይላል። የዕብራውያን መልእክት ደግሞ ሳያውቁ መላእክትን ያስተናገዱ እንዳሉ ያስታውሳል፤ የአብርሃምን ድንኳን ማለቱ ነው። በምዕራቡ ዓለም ገዳማት የቤኔዲክት ሥርዓት 53ኛ ምዕራፍ የመጣ እንግዳ ሁሉ እንደ ክርስቶስ እንዲታይ ያዛል። ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች የሥርዓት መጽሐፍ ግን ጥንቃቄም ያውቃል፦ መንገደኛ ሁለት ወይም ቢበዛ ሦስት ቀን ይቆይ፣ ከዚያ በላይ ልቆይ ካለ ሠርቶ ይብላ። እንግዳ ያበዛ ሰው የጻፈው ይመስላል።

ሁለተኛው ምክንያት ፖለቲካ ነው፣ ይህንንም መሸፋፈን አያስፈልግም። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ላይ በሮም ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተገኝተው ነበር። ሮም ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ከራሷ ጋር አንድ ለማድረግ ተስፋ ታደርግ ነበር። ስለዚህ እንጀራው ከነጥያቄው ነው የሚቀርበው። ግን በሩ መከፈቱም እውነት ነው።

ተጓዦቹ ብዙ ጊዜ በግብፅ በኩል ኢየሩሳሌም ይሳለማሉ። ከዚያ በመርከብ ቬኒስ፣ በእግር ሮም። እስከ ስፔኑ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ የዘለቁም አሉ። ቬኒስ ላይ አሌሳንድሮ ዞርዚ የሚባል ሰው እነዚህን መነኮሳት እያስቀመጠ መንገዳቸውን በየቀኑ ጉዞ እየቆጠረ ይጽፍ ነበር። ለኔ ይህ ሰው ከብዙ አስተናጋጆች ይበልጣል። ብዙዎቹ አብልተው ያስተኛሉ፣ እሱ ግን ጠየቀ፣ አዳመጠም።

ሮሞች በመጀመሪያ እንግዶቻቸውን በትክክል መጥራት እንኳ አልቻሉም። ሕንዶች ይሏቸው ነበር፣ አንዳንዴም ሙሮች፣ የሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች የሚጠሩበትን ስም። ቋንቋቸውንም ሌላ ስም ሰጡት። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ቄስ መነኮሳቱ ሲጸልዩ ሰማ። ከዜማው መሃል የቅዱሳን ስም ለየና ልቡ ተሳበ። ሄዶ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከሚባል መነኩሴ ግዕዝ ተማረ። በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ቋንቋውን ግን ከለዳዊ፣ የጥንት ባቢሎን ሰዎች ቋንቋ ብሎታል። ተማሪው አንባቢ ሆነ፣ ስሙን ግን ሳተው።

የቤቱ ትልቁ ሰው ተስፋ ጽዮን ነው። ከግራኝ ጦርነት ሸሽቶ የወጣ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበር። ሮሞች ፒዬትሮ ኢንዲያኖ፣ ማለትም ሕንዳዊው ጴጥሮስ ይሉት ነበር። አገሩ ላይ መጻሕፍት ከነገዳማቱ ሲቃጠሉ እሱ በስደት ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ለማሳተም ተነሣ። መጽሐፉ በ1548 እና 1549 ወጣ። በውስጡ ስለ ስሕተቶቹ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፣ መነኮሳቱ ደግሞ ማተም አይችሉም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳዱ። ስለ እንግድነት ከተጻፈው ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም። ከዚሁ ከተስፋ ጽዮን የተማረው ጣሊያናዊው ማሪያኖ ቪቶሪ በ1552 የግዕዝ ሰዋስው አሳተመ፣ በአውሮፓ የመጀመሪያውን።

በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን ነገሩ ተገለበጠ። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን በ1630ዎቹ ከአገር ሲያስወጡ የነሱን ሃይማኖት የተቀበሉ ኢትዮጵያውያንም አብረው ተሰደዱ። ከነሱ አንዱ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነው። በሕንድ ዞሮ ሮም ደረሰ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ወደ ቤቱ መጣና ግዕዝ መማር እፈልጋለሁ አለ። መነኮሳቱ ብራና መጽሐፍ አምጥተው አንብብ አሉት። ሲያነብ ሳቅ አፈናቸው፤ አባ ጎርጎርዮስ ከሁሉ ይብስ ነበር። ያነበበውን መተርጎም ሲጀምር ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ያለ መምህር የተማረ ሰው ነበር። የጋራ የመነጋገሪያ ቋንቋ ስላልነበራቸው በመጀመሪያ የሚግባቡት በግዕዝ ነው።

በ1652 ደግሞ እንግዳ ተቀባይነቱ ቦታ ተቀያየረ። አባ ጎርጎርዮስ የአልፕስን ተራራ ተሻግሮ ጀርመን አገር ጎታ ከተማ፣ ወደ መስፍኑ ኤርንስት ቤተ መንግሥት ሄደ። መስፍኑ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ እንግዳው ደግሞ ካቶሊክ የሆነ ሐበሻ። አውሮፓ ውስጥ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ሠላሳ ዓመት ከተራረዱ ገና አራት ዓመታቸው ነበር። ሆኖም ለወራት አስተናገዱት፣ ስለ አገሩም ጠየቁት። የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱም በ1698 ሲታተሙ ከጀርባቸው የአባ ጎርጎርዮስ ወሬ ነበር። እሱ ይህን አላየም። በ1658 ወደ አገሩ ለመመለስ ሲሞክር መርከቡ ሰጠመችና ባሕር ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ሰው ቀነሰ። በ1919 ጳጳሱ ቤኔዲክት 15ኛ የኢትዮጵያ ኮሌጅን መሠረቱ፤ በ1930 አዲስ ሕንጻው በቫቲካን አትክልት ሥፍራ ተመረቀ። ዛሬም ከቫቲካን አጥር ውስጥ የሚገኘው ብቸኛው ኮሌጅ ይህ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ካቶሊክ ካህናት እዚያ ይማራሉ።

አደባባዩን የሚያጥለቀልቀው ጎብኚ ግን አሮጌዋን ቤተ ክርስቲያን አያያትም፣ ከባሲሊካው ወዲያ ተሸሽጋለች። ውስጧ የመነኮሳቱ መቃብር አለ። ድንጋዮቹ ላይ የግዕዝ ጽሑፍ አለ፣ ከመካከላቸውም የተስፋ ጽዮን ይገኛል።