የባትሪ ካቻቪቴን እንደ ትራፓኖ መጠቀም

ትንሿ የባትሪ ካቻቪቴ የተሰራችው ቪቴ ለማጥበቅና ለመፍታት ነው፣ ግን ውስጧ ሲታይ ትራፓኖ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ አለ፣ ባትሪ፣ ሞተር፣ የሞተሩን ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምር ማርሽ። ስለዚ ትራፓኖ የሌለው ሰው በሷ ለመብሳት ቢያስብ አይገርምም፣ ይቻላልም፣ ምን ላይ እንደሚቻል ማወቁ ነው እንጂ።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው አፏ ነው። ቀዳዳው ባለ 6 ጎን ሆኖ ስፋቱ 6.35 ሚሜ (ሩብ ኢንች) ነው፣ የተለመደው ፑንታ (የሚበሳው ብረት) ደሞ እግሩ ክብ ስለሆነ እዛ ውስጥ አይያዝም። ወይ እግሩ ባለ 6 ጎን የሆነ ፑንታ መጠቀም ነው፣ ወይ ደሞ ከኋላው ባለ 6 ጎን ዘንግ ያለው ትንሽ ማንድሪኖ (ፑንታ የሚነክስ አፍ) አስገብቶ ክቡን ፑንታ በሱ ማስነከስ። እኔ የመጀመሪያው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ማንድሪኖ ሲጨመር ርዝመት ይጨምራል፣ አፏ ላይ ያለችው ትንሽ መላላት ፑንታው ጫፍ ስትደርስ ትልቅ መወዛወዝ ትሆናለች፣ ቀጭን ፑንታ ከሆነማ ቶሎ ይሰበራል።

ዋናው ጉዳይ ግን ፍጥነት ነው። ባለ 3.6 ቮልት ካቻቪቴ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 200 ዙር አካባቢ ነው የሚዞረው፣ ትራፓኖ 1500 እና ከዛ በላይ ይሄዳል። 2 ሚሜ ፑንታ በ200 ዙር ሲዞር ጠርዙ በደቂቃ 1.25 ሜትር ብቻ ይጓዛል፣ ለስላሳ ብረት በደንብ እንዲቆረጥ ግን በደቂቃ 25 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል፣ እሱ ማለት ደሞ ወደ 4000 ዙር ነው! ስለዚ ብረት ላይ ቀርፋፋ ነች፣ ተጭኖ ለማካካስ መሞከር ፑንታ መስበር ነው። ለስላሳ እንጨትና ፕላስቲክ ላይ ግን በደንብ ትሰራለች፣ በተለይ ቪቴ ከመግባቱ በፊት እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ የሚበሳውን ቀጭን ቀዳዳ። ኮንክሪት እርሱት፣ የመምታት ስራ ስለሌላት ፑንታው ዝም ብሎ ይፋተጋል።

ሰፊ ቀዳዳ ከተፈለገ በቀጭን ጀምሮ ማስፋት ነው። ሞተሩ እምቢ ብሎ ከቆመ ወዲያው ማብሪያውን መልቀቅ ግድ ነው፣ ቆሞ ሳለ ነው ከፍተኛውን ከረንት የሚስበውና የሚቃጠለው።

ከውስጧ ማርሽ አውጥቶ ፍጥነት መጨመርም አለ፣ ግን ፍጥነቱ በጨመረበት ልክ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ቪቴ ማጥበቁም ይቀራል። ሁለተኛ ባትሪ በተከታታይ ቀጥሎ ቮልቱን እጥፍ ማድረግን ግን ማንም እንዲሞክረው አልመክርም፣ ሞተሩና ማብሪያው ለዛ አልተሰሩም፣ ለአንድ ሴል (ለአንድ ባትሪ) የተሰራ ቻርጀር ሁለት ሴል አይችልም፣ ሊቲየም ባትሪ ደሞ ሲበላሽ እሳት ነው።

አንድ ነገር ደሞ፣ ብዙዎቹ ፑንታውን የሚይዙት በማግኔት ብቻ ስለሆነ ዝም ብሎ ሲጎተት እንጨቱ ውስጥ ይቀራል፣ እየዞረ እያለ ቀስ አድርጎ ወደኋላ ማውጣት ነው።