የማስታወክ መድኃኒት ከአእምሮ ሕክምና መድኃኒት ጋር ለምን ይጋጫል?

«አንዱ ለሆድ፣ ሌላው ለአእምሮ የታዘዘ ከሆነ አብረው ቢወሰዱ ምን ችግር አለው?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ደሴ ታማሚ በምናስታምም ሰዎች መካከል ደጋግሞ ስለተነሳ ነጥቡን ላብራራ።

ዶፓሚን በአንጎል ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ከሥራዎቹ አንዱ የሰውነትን እንቅስቃሴ ማስተካከል ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ይህን መልእክት ያግዳል፤ ማስታወክን የሚያስታግሰው ሜቶክሎፕራማይድም የሚያግደው ያንኑ ነው።

ሃሎፔሪዶል የሚወስድ ወጣት ኮምቦልቻ ሄዶ ቢያስታውከውና የሚወስደውን መድኃኒት ሳይናገር ሜቶክሎፕራማይድ ቢሰጠው፣ እገዳው ተደራርቦ አንገቱ ሊጣመም፣ መንጋጋው ሊቆለፍ፣ ዓይኑም ወደ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ቤተሰብ ልክፍት ነው ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ሆኖም ይህ በጤና ተቋም በመርፌ የሚታከም የመድኃኒት ጠንቅ ነው። ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሰውነት መገተርና መቃዠት አብረው ከታዩ ግን፣ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም ለሕይወት አስጊ ስለሆነ፣ በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ያስፈልጋል።

እንቅስቃሴን ለሚያዘገየውና ለሚያንቀጠቅጠው የፓርኪንሰን ሕመም፣ ዶፓሚንን የሚጨምረውን ሌቮዶፓ የሚወስዱ አዛውንት ደግሞ ሜቶክሎፕራማይድ ሲጨመርላቸው፣ አንዱ የሚሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል። በእኛ አካባቢ የተለመደው ጫትም፣ ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ ዶፓሚን እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ፣ የሃሎፔሪዶልን ሥራ ይቃረናል።

ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ዓይነት እገዳ እንደሚያደርጉ የተረጋገጠ ነው፤ የጉዳቱ መጠን ግን እንደ ዕድሜው፣ እንደሚወሰደው መድኃኒት መጠንና እንደተወሰደበት ጊዜ ርዝመት ከሰው ሰው ይለያያል። ሃሎፔሪዶልን በራስ ውሳኔ ማቋረጥም ሕመሙን ሊያገረሽ ስለሚችል፣ የሁሉንም መድኃኒት ማሸጊያ ይዞ ለፋርማሲ ባለሙያው ማሳየት ይሻላል።