ሕግ ለአፈኛ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ሕግ ላጥና የሚል ልጅ ቀድሞ የሚሰማው «አንተ ዝምተኛ ነህ፣ አትችለውም» የሚል ነው። ይሄ ወሬ በጣም ያናድደኛል፣ ስንቱን ጎበዝ ከበር መልሷል!

ጋንዲን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1891 ለንደን ላይ ጠበቃ ሆኖ ሕንድ ተመለሰ። የመጀመሪያ ጉዳዩን ይዞ ቦምቤይ ችሎት ቆመ፤ መስቀለኛ ጥያቄ (የሌላውን ወገን ምስክር የሚፈትን ጥያቄ) ሊጠይቅ ሲነሳ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣም። ጉዳዩን ለሌላ ጠበቃ ትቶ ወጣ። በኋላ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በሁለት ነጋዴዎች ከባድ የገንዘብ ክርክር ውስጥ ሲገባ ግን የሒሳብ መዝገቡንና ፍሬ ነገሩን አንድ በአንድ አጠና፣ ተከራካሪዎቹን ወደ ግልግል ዳኝነት (ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማምተው በመረጡት ሰው መዳኘት) አመጣቸው፣ ደንበኛው ከረታ በኋላም ተረቺው እንዳይከስር ዕዳውን በረጅም ጊዜ ከፋፍሎ እንዲከፍል አስማማ። ያዋጣው አንደበቱ ሳይሆን ዝግጅቱ ነው።

«ሕግ ሽምደዳ ነው» የሚሉም አሉ። የሕግ ፈተና እኮ አንድ ታሪክ ሰጥቶ ነው የሚጠይቃችሁ። ሰውየው መኪና ሸጠ እንበል፣ ገዢው ሳይረከብ መኪናው ተቃጠለ። ኪሳራው የማን ነው? አንቀጹን በቃል ብታነበንቡት ብቻውን መልስ አይሆንም። ጭብጡን መለየት አለባችሁ፣ ውሉ ምን ይላል ብላችሁ ማየት አለባችሁ፣ ከዚያ ሕጉን ከነገሩ ጋር ማገናኘት፣ የሌላውን ወገን ክርክርም አስቀድሞ ማሰብ። ደግሞ ሕግ ይሻሻላል፤ የሸመደዳችሁት አንቀጽ ነገ ሊሻር ይችላል፣ የማሰብ ልምዱ ግን አብሯችሁ ይኖራል።

«መጨረሻው ፍርድ ቤት መቆም ነው» ለሚሉት፦ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ አለ፣ አዎ። ግን ችሎት ሳይረግጥ ዕድሜውን ሙሉ ውል የሚያረቅቅ አለ። የድርጅት ነገረ ፈጅ፣ የሕግ አርቃቂ፣ የግብር አማካሪ፣ ዲፕሎማት፣ የሰብአዊ መብት ሠራተኛም አለ።

«ጠበቃ የወንጀለኛ ደጋፊ ነው» የሚለውም ስህተት ነው። ጥፋተኝነት የሚታወቀው በማስረጃ ነው፤ ማስረጃውን የሚፈትን ሰው ከሌለ ንጹሑም ይታሰራል።

«ዲግሪ ካለኝ ጠበቃ ነኝ»? አይደለም። ጀርመን ውስጥ ሁለት የመንግሥት ፈተና አለ፣ በመሃል ደግሞ 2 ዓመት የተግባር ልምምድ። አሜሪካ ደግሞ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ይይዛል፣ 3 ዓመት ሕግ ይማራል፣ ከዚያ የጥብቅና ፈተና ይቀመጣል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ልትሠሩበት ያሰባችሁት አገር ለጥብቅና ፈቃድ ምን እንደሚጠይቅ አጣሩ።