ጃር፣ ጃድ እና ሲስ፦ የድሮ ሞባይሎች የመተግበሪያ ፋይሎች

የዛሬዎቹ የመተግበሪያ መደብሮች ከመስፋፋታቸው በፊት ጨዋታም ሆነ መዝገበ ቃላት ወደ ስልክ የሚገባው እንደ ተራ ፋይል ነበር። በብሉቱዝ ከጓደኛ ይላካል፣ በሚሞሪ ካርድ ከኮምፒውተር ይገለበጣል፣ ወይም በስልኩ ኢንተርኔት ይወርዳል። ስልኩም ይቀበለዋል፤ አለዚያ አጭር የስህተት መልእክት አሳይቶ ዝም ይላል። በፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥቧ በኋላ የሚመጣው ቅጥያ ፋይሉ የየትኛው ወገን እንደሆነ ይጠቁማል እንጂ ለመጫኑ ዋስትና አይሆንም። የሚወስነው በውስጡ የተጻፈው ነው።

ከሁሉም በላይ የተሰራጨው ጃር ነው። በጃቫ ቋንቋ የተጻፈን ፕሮግራም የያዘ ጥቅል ሲሆን አሠራሩ ከዚፕ ፋይል አይለይም። ኮዱ፣ ሥዕሎቹና ድምፆቹ በአንድ ላይ ታሽገው «ማኒፌስት» የተባለ አጭር ጽሑፍ ይጨመርባቸዋል፤ የመተግበሪያው ስም፣ እትም፣ አዘጋጅና የሚፈልገው የጃቫ ደረጃ እዚያ ይሰፍራሉ። ከዚፕ ጋር ያለው ዝምድና አንድ የታወቀ ጣጣ ያመጣል። አንዳንድ የኮምፒውተር ብሮውዘሮች ጃሩን ሲያወርዱ ቅጥያውን ወደ ዚፕ ይለውጡታል፤ ተጠቃሚውም ጥቅሉን ፈትቶ በውስጡ ያገኘውን ሁሉ ወደ ስልኩ ይገለብጣል፤ አንዱም አይሠራም። ጥቅሉን ሳይፈቱ ቅጥያውን ወደ ጃር መመለስ ይበቃል።

ጃድ ብዙ ጊዜ ከጃር ጋር ይምታታል፤ እሱ ግን ፕሮግራም ሳይሆን የጥቂት መስመሮች ጽሑፍ ነው። ጃሩ የሚገኝበትን አድራሻና መጠኑን በባይት ይናገራል። ስልኩ በኔትወርክ ሲያወርድ አስቀድሞ ትንሿን ጃድ ያነብና በቂ ቦታ መኖሩን፣ ደረጃው መስማማቱን ያጣራል፤ ዋናውን ጃር የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎባይት ይከፈል በነበረበት ጊዜ ይህ የሚናቅ ጥቅም አልነበረም። ይሁንና በጃዱ የሰፈረው መጠን ከጃሩ ትክክለኛ መጠን ጋር ካልገጠመ መጫኑ ይከሽፋል። ፋይሉ በእጅ ላይ ካለ ጃዱን ትቶ ጃሩን ብቻ መክፈት ይቀላል፤ ብዙ ስልኮች ይቀበሉታል።

ጃቫ በየትኛውም ስልክ ይሠራል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። የሞባይል ጃቫ መመዘኛ የሆነው ኤምአይዲፒ 1.0 እ.ኤ.አ. በ2000፣ 2.0 ደግሞ በ2002 ወጣ፤ ለሁለተኛው የተዘጋጀ ጨዋታ የመጀመሪያውን ብቻ በሚያውቅ ስልክ አይከፈትም። ቀደምቶቹ የኖኪያ ሲሪስ 40 ስልኮች ከ64 ኪሎባይት የበለጠ ጃር አይቀበሉም ነበር። የስክሪን ስፋትም ሌላ ችግር ነው፦ አንዱ ጨዋታ ለ128 በ128፣ ለ176 በ208 እና ለ240 በ320 ነጥብ ስክሪኖች ለየብቻ ይዘጋጅ ነበር።

ሲስ በሲምቢያን ሥርዓተ ክወና የሚሠሩ ስልኮች (በተለይ የብዙ ኖኪያዎች) ፋይል ነው። በቀጥታ ለስልኩ ሥርዓተ ክወና ስለሚጻፍ ከጃር ይልቅ ወደ ስልኩ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ አቅሙም አደጋውም ከዚያ ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታየው «ካቢር» የተባለ ትል (ራሱን ከስልክ ወደ ስልክ የሚያባዛ ጎጂ ፕሮግራም) በብሉቱዝ የተዛመተው በሲስ ፋይልነት ነበር። ባለቤቱ ካልፈቀደለት አይጫንም፤ ግን እምቢ ሲሉት መልሶ መላልሶ ስለሚጠይቅ የታከታቸው ፈቀዱለት።

ኖኪያና ሌሎች በሲምቢያን ስልኮቻቸው ላይ የተጠቀሙበት የኤስ60 ሶፍትዌር ሦስተኛ እትም ሲመጣ ሁለት ነገር ተለወጠ፦ ለቀደሙት እትሞች የተሠሩ የሲስ ፋይሎች መጫናቸው ቀረ፣ ዲጂታል ፊርማም (ፋይሉ ከማን እንደመጣና እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጥ ምልክት) ግዴታ ሆነ። ኖኪያ ኤን70 እና ኤን73 በስም ቢቀራረቡም የመጀመሪያው ከለውጡ በፊት፣ ሁለተኛው ከለውጡ በኋላ ያለ ስልክ ነው፤ የአንዱ ሲስ ለሌላው አይሆንም። አዲሱ ዓይነት ሲስኤክስ ቢባልም ብዙ አዘጋጆች በአሮጌው ቅጥያ ስለቀጠሉ በስሙ ብቻ መለየት አይቻልም።

ፊርማው የተጠቃሚዎች ዋና ራስ ምታት ሆነ። «የሰርተፍኬት ስህተት» (የፊርማው ማረጋገጫ ችግር) የሚል መልእክት ሲመጣ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የመተግበሪያ አስተዳዳሪው ቅንብር ነው፤ «የተፈረመ ብቻ» የሚለው ወደ «ሁሉም» ይቀየራል። ሰርተፍኬቱ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ደግሞ የስልኩን ቀን ፊርማው ወደሚጸናበት ዘመን መልሶ መጫን የተለመደ ዘዴ ነበር፤ ዛሬ አሮጌ ሲስ ለሚጭን ሰውም ከቅንብሩ ቀጥሎ የሚሞከረው ይኸው ነው። አንዳንድ ሰርተፍኬቶች ግን ከአንድ ስልክ መለያ ቁጥር ጋር የተሳሰሩ ስለነበሩ ቀን መቀየር አይረዳቸውም። ቁጥሩ *#06# ሲደወል ይታያል።

የቀሩት በአጭሩ ይበቃቸዋል። ዊንዶውስ ሞባይል ካብ የሚባል ፋይል፣ ፓልም ፒአርሲ፣ ብላክቤሪ ሲኦዲ ይቀበሉ ነበር። በሚዲያቴክ ቺፕ በተሠሩ ብዙ ርካሽ ስልኮች ቪኤክስፒ እና ኤምአርፒ የተባሉ ዓይነቶች ይገኛሉ፤ የጃርን ቅጥያ ወደነዚህ መለወጥ ስሙን እንጂ ፋይሉን አይቀይረውም።