ኢያሱ፦ የስሙ ፍቺና አመጣጥ

ኢያሱ ከዕብራይስጥ የመጣ የወንድ ስም ነው። በዕብራይስጡ «የሆሹዓ» ሲባል፣ የአምላክ ስም አሕጽሮትና ማዳንን የሚያመለክት ሥርወ ቃል ተጣምረውበታል፤ «እግዚአብሔር ያድናል» ወይም «እግዚአብሔር መድኃኒት ነው» ተብሎ ይፈታል። ሁለተኛው ክፍል «ለርዳታ መጮኽ» ከሚለው ሥር የመጣ ነው የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንትም አሉ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 46 ግን የሙሴ ተተኪ የነዌ ልጅ ኢያሱ እንደ ስሙ ለማዳን ታላቅ እንደ ነበር ስለሚናገር፣ የጥንት አንባቢዎች የቱን ፍቺ ይዘው እንደነበር አያጠራጥርም።

ባለ ስሙ ሲወለድ ኢያሱ አልነበረም። በዘኍልቍ 13፥16 ሙሴ የነዌን ልጅ አውሴን «ኢያሱ» ብሎ ይጠራዋል። ለውጡ በዕብራይስጥ አንዲት ፊደል ናት። ፊደላቱን በዳዊት 118ኛ መዝሙር ክፍሎች መግቢያ ላይ በምናውቃቸው የዕብራይስጥ ፊደላት ስሞች ብንቆጥራቸው፣ አውሴ «ሄ፣ ዋው፣ ሳን፣ ዔ» ነው፤ ከፊቱ ዮድ ሲጨመር «ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሳን፣ ዔ» ይሆንና ኢያሱ ይገኛል። የአይሁድ መምህራን ያቺ ዮድ ሦራ ሣራ ስትባል ከስሟ የወጣችው ናት ይላሉ።

አውሴና ነቢዩ ሆሴዕ በዕብራይስጥ አንድ ስም ናቸው። በእኛ መጽሐፍ የተለያዩት የግሪኩ ትርጉም አንዱን «አውሴ»፣ ሌላውን «ኦሴኤ» ብሎ ስለጻፈ ነው። የአባቱ ስም ነዌም በግሪክ በኩል የመጣ ነው፤ ዕብራይስጡ «ኑን» ነው የሚለው። በግሪክ ትላልቅ ፊደላት የኑ እና የኤታ ቅርጽ ስለሚቀራረብ አንድ ገልባጭ በመጨረሻዋ ፊደል ተሳስቶ ይመስላል።

ከባቢሎን ምርኮ በኋላ ስሙ አጥሮ «የሹዓ» ሆኗል። ማስረጃው ሊቀ ካህናቱ የኢዮሴዴቅ ልጅ ነው፦ ያው አንዱ ሰው በዕብራይስጡ ሐጌ ላይ በረጅሙ፣ ዕዝራ ላይ በአጭሩ ተጽፏል። የአማርኛው መጽሐፍ ሁለቱንም ኢያሱ ይላል። ግሪክ የ«ሸ» ድምፅም የዔ ድምፅም ስለሌለው «ሸ»ን በ«ሰ» ተክቶ፣ ዔን ጥሎ፣ በራሱ ሰዋስው መጨረሻው ላይ «ስ» ጨምሮ «ኢየሱስ» አለው። እናም የነዌ ልጅና ጌታችን በግሪኩ መጽሐፍ አንድ ዓይነት ስም አላቸው። በዕብራውያን 4፥8 ይህ አንዳንድ የአውሮፓ ተርጓሚዎችን አሳስቷል፤ የቆየው የእንግሊዝኛ ትርጉም «ኢየሱስ አሳርፏቸው ቢሆን» የሚል ንባብ ይዟል። የእኛ አባቶች ግን ለአንዱ ኢያሱ፣ ለሌላው ኢየሱስ ብለው በጥንቃቄ ስለለዩ የአማርኛ አንባቢ ከዚህ ግራ መጋባት ድኗል።

ከነገሥታት ቀዳማዊ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ፣ ከ1682 እስከ 1706 እ.ኤ.አ. ነግሠዋል፤ የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። ዳግማዊ ኢያሱ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ናቸው። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ በ1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ከሥልጣን ወርደዋል። በስንክሳር የነዌ ልጅ ኢያሱ መታሰቢያ ሰኔ 26 ነው።

አጻጻፉ በ«ኢ» ነው። «እያሱ» የሚለው በብዙ መዝገብ ላይ ቢታይም የመጽሐፉን ንባብ አይጠብቅም፤ ሲነገር የመጀመሪያዋ አናባቢ ስለምታጥር የመጣ ስሕተት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ችግሩ ይብሳል፦ አንዱ በ«አይ» (I) ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኢ» (E)፤ «ኤስ» (s) አንዴም ሁለቴም ይገባል። በዚህ ብቻ አራት አጻጻፍ ይወጣል። ስሙ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የልጅም የአባትም ስም ስለሚሆን፣ በልደት ምስክር ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት ሌላ ዓይነት የተጻፈ ኢያሱ ለቪዛ ሲያመለክት ሁለት ሰው መስሎ ይታያል። በመጀመሪያው ሰነድ ላይ የተመረጠውን አጻጻፍ ለወንድሞችና ለእኅቶችም ሳይለውጡ መያዝ ያስፈልጋል።