የጓያ ሽባነት ምንድን ነው?

በወሎ ደጋና ወይና ደጋ ጓያን የማያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ሰብሉ ምን እንደሚመስልና በየትኛው ማሳ እንደሚዘራ በማስረዳት አንባቢን አላደክምም። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሰሞኑን ያነበብኩት አስተያየት ነው። ጸሐፊው ጓያ የእግርን ጅማት እንደሚያደርቅ፣ ሲቀቀል እንፋሎቱ የነካው ሰው እግሩ እንደሚሞት፣ ቶሎ ወጌሻ ቢያሸውና ቢስበው ግን እንደሚድን በእርግጠኝነት ይናገራል። ከዚህ ቀደምም ብዙ ጊዜ የሰማሁት ነገር ነው። ሦስቱም ስሕተት ናቸው፤ ሦስቱም ሰው ይጎዳሉ።

ጓያን ለረጅም ጊዜ አብዝቶ በመብላት የሚመጣው ይህ በሽታ የሚነሳው ከእግር አይደለም። እግራችን የሚታዘዘው በሁለት ደረጃ ባሉ የነርቭ ሕዋሳት ነው። የላይኞቹ አንጎል ቅርፊት ውስጥ ሆነው ረጅም ዘንጋቸውን በሕብለ ሰረሰር በኩል እስከ ወገብ አካባቢ ይሰድዳሉ፤ የታችኞቹ ትእዛዙን እዚያ ተቀብለው ወደ ጡንቻው ያደርሳሉ። ጓያ የሚጎዳው የላይኞቹን፣ ከእነሱም ይበልጥ ረጅሙን መንገድ የሚሄዱትን፣ ማለትም እግርን የሚያዙትን ነው። እጅ በአብዛኛው የሚተርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የታችኛውን ሕዋስና ጡንቻውን እንደ በቅሎ፣ የላይኛውን ሕዋስ እንደ ጋላቢ፣ ረጅሙን ዘንግ ደግሞ እንደ ልጓም እንቁጠራቸው። ልጓም መምሪያ ብቻ ሳይሆን መግቻም ነው። ስለዚህ ልጓሙ ሲበጠስ በቅሎዋ አትሞትም፤ የሚገታት ስላጣች በየኮሽታው ትደነብራለች እንጂ። የታማሚውን ጉልበት ከሎሚው ዝቅ ብለን በምርመራ መዶሻ ቀስ አድርገን ስንመታው እግሩ ከጤነኛ ሰው እግር አብልጦ ይፈናጠራል፤ የእግሩን መዳፍ ድንገት ወደ ላይ ገፍተን ስንይዘው ቁርጭምጭሚቱ በራሱ ጊዜ ይርገበገባል። የሞተ እግር እንዲህ አያደርግም። በፖሊዮ የምትሞተው በቅሎዋ ራሷ ናት፤ ያን ጊዜ እግሩ ይልፈሰፈሳል፣ ይቀጥናል፣ ቢመቱትም መልስ አይሰጥም። በጓያ የተጎዳ እግር ግን ይገተራል፤ ጭኖቹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ ጉልበቶቹ ይፋተጋሉ፣ ተረከዙ መሬት መንካት ያቅተዋል። የብዙዎቹ ታማሚዎች በረባሶ ጣቱ በኩል ተበልቶ ተረከዙ እንደነበረ የሚቀረው ለዚህ ነው። በቅሎዋ የረገጠችውን እሾህ ወደ ላይ የምታስታውቅበት መንገድ ደግሞ ሌላ ስለሆነ፣ ታማሚው ሕመሙንም ቅዝቃዜውንም እንደ ማንኛችንም ይሰማዋል፤ አእምሮውም ምንም አይሆንም። ሆኖም የተበጠሰ ልጓም ይቋጠራል፤ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ የጠፋ የነርቭ ዘንግ ግን ተመልሶ አይቀጠልም። እግሩን በኃይል መሳብና ማሸት ልጓሙን ሳይነካ በቅሎዋን መቀጥቀጥ ነው፤ የተገተረውን ጡንቻ ይበልጥ ያነሳሳዋል፣ አንዳንዴም ይቀድደዋል።

ጉዳቱን የሚያደርሰው ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ ነው፤ በሕንድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1964 እ.ኤ.አ. ከጓያ ፍሬ ለይተው አውጥተውታል። ኦዳፕ ግሉታሜትን ይመስላል። ግሉታሜት በጤናማ አንጎል ውስጥ አንዱ ሕዋስ ሌላውን የሚያነቃበት ዋነኛ ኬሚካል ሲሆን፣ መልእክቱን አድርሶ ወዲያው ይነሳል። ኦዳፕ ግን ኤኤምፒኤ የሚባሉትን፣ በሕዋሱ ላይ ሆነው የግሉታሜትን መልእክት የሚቀበሉ ተቀባዮች ከልክ በላይ ያነቃቃል፤ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይጎርፋል፣ ኃይል አመንጪው ሚቶኮንድሪያ ይዳከማል፣ በመጨረሻም ሕዋሱ በመነቃቃቱ ብዛት ይሞታል። በስትሮክ ጊዜም ደም ባጣው የአንጎል ክፍል ዙሪያ ተመሳሳይ ጥፋት ይደርሳል። ይህ ቅደም ተከተል በአብዛኛው የተጠናው በእንስሳትና በቤተ ሙከራ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ መሆኑን ግን ሳልናገር አላልፍም።

ስለ እንፋሎቱ ረዘም አድርጌ ልጽፍ እገደዳለሁ፤ ምክንያቱም ይህን እምነት ይዘው የሚጠነቀቁ እናቶች ጥንቃቄያቸው ያለ ቦታው እየዋለ ነው። ኦዳፕ በውኃ ይሟሟል እንጂ አይተንም። ጓያ ሲቀቀል መርዙ የሚቀረው በፍሬውና በመቀቀያው ውኃ ውስጥ ነው። በገለባው ላይ መራመድም ማንንም ሽባ አያደርግም። እምነቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ በሽታው ብዙ ጊዜ ድንገት ይከሰታል፣ ማታ በእግሩ ሄዶ የተኛ ጎልማሳ ጠዋት ሲነሳ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፣ ሰውም ትናንት ምን ነካው ብሎ ይጠይቃል። ነገር ግን መንስኤው የትናንቱ ሳይሆን ሁለት ሦስት ወር ሙሉ ጓያ የምግቡ ዋና ክፍል ሆኖ መቆየቱ ነው። ከድስቱ አጠገብ ልጆቿን የምታርቅ እናት፣ እነዚያው ልጆች ማሳ ገብተው እሸቱን ሲበሉ ዝም ልትል ትችላለች። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ በአገራችን የተደረገ ጥናት ደግሞ ከፍተኛውን አደጋ ያገኘው በጥሬ እሸቱ ላይ ነው፤ ንፍሮውና ቆሎውም አደጋውን ይጨምራሉ።

ያው ጥናት ጓያን ከእህል ጋር ቀላቅለው የሚበሉ ሰዎች የተሻለ ተጠብቀው እንደሚገኙም አሳይቷል። እንደ ጤፍና ገብስ ያሉ እህሎች ድኝ ያለባቸውን አሚኖ አሲዶች ይይዛሉ፤ ሰውነታችን ከእነዚህ የሚሠራው ግሉታታዮን የነርቭ ሕዋሳትን ከዚህ ዓይነት ጉዳት ይከላከላል። ድርቅ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠፋው ጤፉና ገብሱ ነው፤ ጓያ ብቻውን ይቀራል፣ ድርቁም በፍሬው ውስጥ ያለውን ኦዳፕ ያበዛዋል። ከ1995 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. በወሎ ደላንታ ዳውንት አካባቢ ከ2000 በላይ ሰዎችን ለዕድሜ ልክ የአካል ጉዳት የዳረገው ይህ ነው። ጓያ ይታገድ ለሚሉትም መልሴ እዚሁ ላይ ነው፤ ሌላው ሰብል በከዳበት ዓመት የቀረውን መከልከል ረኃብን መምረጥ ነው። ፍሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከቻሉም በብዙ ውኃ ቀቅሎ ያንንም መድፋት መርዙን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

በሽታው አንዴ ከተከሰተ በኋላ ጓያ መብላት ያቆመ ሰው እየባሰበት አይሄድም፤ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ግን የለም። ግትርነቱን የሚያላሉ መድኃኒቶችና በየዕለቱ በቀስታ የሚደረግ ማፍታታት እርምጃውን ያቀሉለታል።

ጓያ የበላና እግሩ የተገተረ ሰው ሁሉ ግን የጓያ በሽተኛ ነው ማለት አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም፣ ሕብለ ሰረሰርን የሚጫን እብጠትም ተመሳሳይ አካሄድ ያመጣሉ። ወገቡ ወይም ጀርባው የሚያመው፣ አከርካሪው ላይ ጉብታ ያወጣ፣ ማታ ማታ የሚያልበው፣ እግሩ የደነዘዘ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ያ በሽታ መድኃኒት አለው፣ በጊዜ ከተጀመረም ብዙዎች ተመልሰው በእግራቸው ይሄዳሉ።